ሠርቶ ማቆየት፦ በዝናብ አጠር አካባቢዎች የአፈርና የውሃ ጥበቃ ታሪክ ከኮንሶ እስከ ትግራይ

በኢትዮጵያ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ታሪክ ሲጻፍ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የ1965–66 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ረሃብ ይሆናል። ይህ አጀማመር ለመንግሥት መዝገብ ይስማማል፤ የበጀት ርዕስ የተከፈተው፣ የርዳታ ስንዴ ለእርከን ሥራ መታደል የጀመረው፣ የተሠራው ሥራ በኪሎ ሜትር መቆጠር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነውና። ገበሬው ግን ድንጋይ መካብ የጀመረው ማንም ሳይቆጥርለት ነው። በይፋትና በአርጎባ ተዳፋቶች፣ በሐረርጌ የጨርጨር ተራሮች፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ በኮንሶ ኮረብታዎች ላይ የሚታዩት እርከኖች ከግብርና ሚኒስቴር መቋቋም በብዙ ይቀድማሉ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች፣ የገበሬውንና የመንግሥቱን፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመረምር ሰው አንድ ጥያቄ ማለፍ አይችልም። ይኸውም አንደኛው እርከን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ መቶ ዓመታትን ሲሻገር፣ በባለሙያ ተለክቶና በብዙ ሺሕ ሰዎች ጉልበት የተሠራው ሌላው እርከን አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ለምን ፈረሰ? የሚለው ነው። ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ስንት ኪሎ ሜትር ይሥራ ወይስ ስንት ኪሎ ሜትር ይጠግን የሚለው ውሳኔ ከመልሱ ጋር የተያያዘ ነው።

የዝናቡ ጠባይ

ዝናብ አጠር በሚባሉ አካባቢዎች ችግሩ የዓመቱ ዝናብ ድምር ማነስ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ዝናቡ የሚጥለው በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በኃይልና በድንገት ነው። ከዚያም ሳምንታት ያለ ጠብታ ያልፋሉ። የመጀመሪያው ዶፍ በሚወርድበት ጊዜ ማሳው፣ በተለይም ለጤፍ የሚዘጋጀው፣ ሦስትና አራት ጊዜ ታርሶ፣ ልሞና ተራቁቶ ይገኛል። የጠብታው ምት የለማውን አፈር ገጽ ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ በላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተትም አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ስለሆነም ማሳው በአንድ ቀን የሚያጣው ሁለት ነገር ነው። አፈሩ ይታያል፤ ወንዙ ይደፈርሳልና። ውሃው ግን አይታይም። ማሽላው በመስከረም ፍሬ ለመሙላት የሚፈልገው ውሃ በሐምሌ ወንዝ ገብቶ አልቋል።

ከዚህ የተነሣ በደረቅ አገር እርከን ማለት በመጀመሪያ ደረጃ የውሃ ጎተራ ነው፤ አፈሩን መያዙ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። በአንጻሩ ዝናብ በሚበዛባቸው የጎጃም ደጋዎች ገበሬው በማሳው ላይ ሰያፍ ፈሰስ የሚያወጣው ትርፍ ውሃ ሰብሉን እንዳያበሰብስበት ነው። ለወሎ ቆላ የሚበጀው ፍጹም አግድም የተዘረጋ እርከን ጎጃም ላይ ሲሠራ ውሃ ያቁራል፣ ሰብል ያቢጫል። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ቢታይም ቆይቶ እንደሚወሳው ብዙ ድካም ያስከፈለ ነው።

የኮንሶ እርከን

ኮንሶ ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ የሚገኝ ድንጋያማ ኮረብታማ አገር ነው። ዝናቡ በሁለት ወቅት ይመጣል፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ነው። ሁለቱም አስተማማኝ አይደሉም። ሕዝቡ በዚህ አገር ላይ ያለማው የእርከን ሥርዓት ከ400 ዓመታት በላይ፣ በአገሬው አቆጣጠር ለ21 ትውልድ የዘለቀ መሆኑ ተመዝግቦ፣ በ2003 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

የእርከኑ ግድግዳ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተካበ ደረቅ ድንጋይ ነው። በአንዳንድ ቦታ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ድንጋዩ ከሩቅ አይመጣም፤ ከማሳው ላይ የሚለቀመው ራሱ ነው። ማሳውን ማጽዳትና ግድግዳውን መካብ አንድ ሥራ ናቸው። ከግድግዳው ጀርባ ያለው መሬት ደግሞ እንዲሁ አይተውም። የአፈር ድንበሮች እየተበጁለት በትናንሽ ገንዳዎች ይከፋፈላል፤ የማሽላ አገዳም ለዚሁ ያገለግላል። ዝናብ ሲጥል እያንዳንዱ ገንዳ የራሱን ውሃ ይይዛል። የዝናቡ መጠን ከልክ ባለፈ ጊዜ ትርፉ የሚወጣበት መተላለፊያ ግን በግድግዳው ላይ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። መሐንዲስ ያልጎበኘው ገበሬ የደረሰበት ይህ ነገር፣ ማለትም ውሃን ለመያዝ የተሠራ ሥራ ሁሉ ውሃን የሚለቅበት በር ሊኖረው እንደሚገባ፣ ብዙ ዘመናዊ ግንባታ የዘነጋው መርሕ ነው።

መሬቱ የሚቆፈረው በአብዛኛው በሬ ሳይጠመድ በእጅ መቆፈሪያ ነው። ጥማድ በሬ በጠባብ እርከን ላይ መዞሪያ ስለማያገኝ መቆፈሪያውና እርከኑ እርስ በርሳቸው የተመቻቹ ናቸው። ከብቱ አብዛኛውን ጊዜ በግቢ ታስሮ ይቀለባል፤ ፍግ ተጠራቅሞ ወደ ማሳ ይወሰዳል። በአንድ ማሳ ላይ ማሽላው፣ ጥጡ፣ አተር መሰሎቹና ሥራ ሥሩ ተደባልቀው ይበቅላሉ፤ በመካከላቸውም ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ሽፈራው ይቆማል። አንዱ ሰብል ቢከስም ሌላው ይተርፋል። ለሰውና ለከብት የሚሆነውን ውሃ የሚያጠራቅሙት «ሃርዳ» የሚባሉት ኩሬዎች ደግሞ የማኅበረሰቡ የጋራ ሥራ ናቸው። ቃላ፣ ኩፋና ባማሌ የተባሉት ደኖች እስከ ዛሬ የቆዩት በሥርዓተ አምልኮና በጎሳ መሪዎች ጥበቃ ነው።

እዚህ ላይ ኮንሶን እንደ ገነት አድርጎ ማቅረብ ከእውነት ያርቃል። ከተሞቹ በድንጋይ ግንብ የታጠሩ ናቸው፤ ይህም ያለፈው ዘመን የሰላም ዘመን ብቻ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ሰው በኮረብታ ላይ ተጠጋግቶ ሲኖርና ወደ ሌላ ቦታ መስፋት ሲያቅተው ያለው አማራጭ በያዘው መሬት ላይ ተጨማሪ ጉልበት ማፍሰስ ነው። እርከኑ ከዚህ ግፊት የተወለደ እንደሆነ መገመት ስሕተት አይሆንም። ድርቅም ኮንሶን አይምርም፤ ዝናብ ጨርሶ በቀረበት ዓመት እርከን ዝናብ አያዘንብምና ሕዝቡ የምግብ ርዳታ የጠየቀበት ጊዜ አለ። እርከኑ የሚያደርገው የመጣውን ዝናብ አለማባከን ነው።

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ግን የጥገናው ሥርዓት ነው። ደረቅ ካብ በየዓመቱ ይናዳል። ባለ ማሳው ትንሹን ራሱ ያነሣል፤ ትልቁን በሥራ ማኅበር ይሠራል። የካቡ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዚህ ጥገና ጊዜ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የ400 ዓመቱ እርከን 400 ዓመት የቆየ ድንጋይ ሳይሆን 400 ጊዜ የታደሰ ሥራ ነው።

ሌሎች የገበሬ ጥበባት

በሰሜኑም ቢሆን ገበሬው ባዶ እጁን አልነበረም። በትግራይ በሁለት ማሳዎች መካከል ሳይታረስ የሚተወው የሣርና የድንጋይ ድንበር ከላይ የሚመጣውን አፈር እያስቀረ ቀስ በቀስ ቁመት ያለው ደረጃ ይሆናል። ጤፍ ሲዘራ ደግሞ በተወሰነ ርቀት በማረሻ አግድም የሚወጣው «ተርዋህ» የተባለው ትልም ውሃውን በየቦታው ይገታዋል። በወሎና በትግራይ ቆላዎች ማሽላው ጉልበት ሲያወጣ በመካከሉ ማረሻ የሚያልፍበት «ሽልሻሎ» አረሙን ይነቅላል፣ የተደፈነውን የአፈር ገጽ ይሰብራል፣ ለቀጣዩ ዝናብ ጎድጓዳ ይከፍታል። በራያ ሜዳ ከምሥራቁ ተራሮች ግርጌ ይልቅ ከምዕራቡ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ በእንጨትና በአፈር ተጠልፎ ወደ ማሳ ይገባል። በኢሮብ ደግሞ በጠባብ ሸለቆ ወለል ላይ ዝቅተኛ ካብ ይሠራል፤ ደለል ሲሞላው ካቡ ከፍ ይደረጋል፤ እንደገና ሲሞላው እንደገና ከፍ ይደረጋል። «ዳልዳል» የሚባለው ይህ ዘዴ መሬት በሌለበት ቦታ መሬት ይፈጥራል።

እነዚህ ሁሉ አንድ የሚጋሩት ጠባይ አላቸው። በአንድ ዘመቻ የሚያልቁ አይደሉም። በትንሹ ይጀመራሉ፤ ዓመት እየተጨመረባቸው ያድጋሉ፤ የሚያድጉትም ባለቤታቸው በየዓመቱ ሲያርስ፣ ሲያርምና ሲሰበስብ በሚያውለው ተራ ጉልበት ውስጥ ነው።

የዘመቻው ዘመን

በ1965–66 ዓ.ም. ረሃብ ሳቢያ የተጀመረው ምግብ ለሥራ ከአብዮቱ በኋላ መጠኑ ፈጽሞ ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ የገበሬ ማኅበራትን አቋቋመ። በዚያው ዓመት በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የተሰማሩት ተማሪዎችና መምህራን አዋጁን በማስረዳትና ማኅበራቱን በማደራጀት ተካፈሉ። የእርከን ሥራ የሚመራበት መዋቅር በዚህ ተፈጠረ፤ የአንድ አካባቢ ጉልበት በአንድ ትእዛዝ ሊንቀሳቀስ ቻለ።

እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም የምግብ ፕሮግራም የደን፣ የግጦሽና የእርሻ መሬት ማገገሚያ ሥራውን በሰፊው ደገፈ። ለአንድ የሥራ ቀን የሚታሰበው 3 ኪሎ ግራም እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ይህ ስንዴ ለብዙ ቤተሰብ የሕይወት ጉዳይ እንደነበረ መካድ አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1988 ባለው ጊዜ በ350,000 ሄክታር የእርሻ መሬት ላይ ወደ 800,000 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የአፈርና የድንጋይ እርከን እንደተሠራ፣ 600,000 ሄክታር የሚሆን ተዳፋት መሬትም እንዲያገግም እንደተከለለ ይገመታል። 800,000 ኪሎ ሜትር ምድርን በወገቧ 20 ጊዜ መዞር ማለት ነው። በአፍሪካ በዚህ መጠን የተሠራ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል።

ሥራውን በእውቀት ለመደገፍ እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክትን ጀመሩ። ሃንስ ሁርኒ የመሩት ይህ ፕሮጀክት በወሎ ማይባር፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ እንዲሁም በሌሎች ቦታዎች የመለኪያ ጣቢያዎችን አቁሞ ዝናቡን፣ ጎርፉንና የሚታጠበውን አፈር መዘነ። እ.ኤ.አ. በ1986 ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የሚሆን መመሪያ አሳተመ። በመመሪያው መሠረታዊ ሐሳብ እርከን እንደየአካባቢው የዝናብ መጠን፣ የአፈር ጥልቀትና ተዳፋት መለያየት ነበረበት።

በመስክ ላይ የሆነው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ኮታ የሚወርደው በኪሎ ሜትር ነበር፤ ክፍያውም የሚታሰበው በዚያው። በኪሎ ሜትር የሚለካ ሥራ ኪሎ ሜትር ይወልዳል። በሁለት እርከኖች መካከል 1 ሜትር የቁመት ልዩነት ተይዞ ቢሰላ፣ ተዳፋቱ 10 በመቶ በሆነ ማሳ ላይ እርከኖቹ በ10 ሜትር ይራራቃሉ፤ 25 በመቶ በሆነው ላይ ግን በ4 ሜትር ብቻ። በ4 ሜትር ስፋት ላይ ጥማድ በሬ ማዞር ለአራሹም ለበሬውም ፈተና ነው። እርከኑ ራሱ ከማሳው የሚወስደው መሬት ከ10 እስከ 20 በመቶ ይደርሳል። በካቡ ውስጥ አይጥ ይራባል። ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ውሃ ይቋጠራል። ገበሬው እነዚህን ቅሬታዎች ሲያቀርብ «ኋላ ቀር» ተብሎ የታለፈበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም፤ የኋላ ኋላ የምርምር ጣቢያዎቹ መለኪያ ራሱ አብዛኛውን ቅሬታ ትክክል አድርጎታል። እርከኑ በጣቢያዎቹ የሚታጠበውን አፈር በእርግጥ ቀንሷል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት መጨመሩ ግን በአብዛኛው አልታየም።

ትልቁ እንከን ግን የቴክኒክ አልነበረም። መሬቱ ከማኅበር ወደ ማኅበር፣ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ በየጊዜው ይሸጋሸግ ነበር። መንደር ምሥረታና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲስፋፉ ገበሬው ዛሬ የካበው ካብ ነገ የማን እንደሚሆን ማወቅ አልቻለም። የተከለለው ኮረብታ ሣር ማን እንደሚያጭደው፣ የተተከለው ዛፍ ማን እንደሚቆርጠው አልተነገረውም። በእነዚህ ሁኔታዎች ጥገናው የባለ ማሳው ግዴታ ነው ሲባል ባለ ማሳው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም።

ተመሳሳይ ታሪክ በጎረቤት ኬንያ ቀድሞ ታይቷል። በማቻኮስ አውራጃ የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የካምባ ሕዝብ ከብቶችን በግዴታ ለማስቀነስ ሲነሣ፣ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ ናይሮቢ ተጉዞ ተቃወመ። በግዳጅ የተሠራው እርከንም ተጠላ። ይኸው ሕዝብ ግን ከነፃነት በኋላ፣ መሬቱ የራሱ ሆኖ የናይሮቢ ገበያ ሲከፈትለት፣ ቦዩን ከታች ቆፍሮ አፈሩን ወደ ላይ የሚወረውርበትን «ፋንያ ጁ» የተባለውን እርከን በራሱ ወጪ በሰፊው ሠራ። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው «ፋንያ ጁ» ቅርጹ ብቻ ነበር፤ ያቆመው የባለቤትነትና የገበያ ሁኔታ አብሮት አልመጣም።

ከ1982 ዓ.ም. በኋላ

በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ተበተኑ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደቀ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት በብዙ አካባቢ እርከኖች ፈረሱ፤ የተከለሉ ኮረብታዎች ለግጦሽ ተከፈቱ፤ ለዓመታት የተጠበቁ ዛፎች ተቆረጡ። አንዳንዱ ገበሬ ካቡን ያፈረሰው በጥላቻ ሳይሆን በስሌት ነው። ከካቡ ጀርባ የተጠራቀመው አፈር የማሳው ለም ክፍል ስለሆነ ካቡን አንሥቶ አፈሩን በማሳው ላይ በተነው። ይህን ድርጊት በድንቁርና ብቻ መተርጎም ፍትሕ አይደለም፤ ነገ የሱ መሆኑን ያላረጋገጠ ሰው ዛሬ ያለውን ይወስዳል።

በዚህ ወቅት ሁሉም ቦታ እኩል እንዳልፈረሰ ማስተዋል ጠቃሚ ነው። ዝናቡ በሚያንስባቸውና ድንጋይ በሚበዛባቸው የትግራይና የወሎ ክፍሎች፣ ካቡ በውሃ ጥቅሙ ራሱን ያስመሰከረባቸው ማሳዎች ብዙዎቹ ተርፈዋል። ለዚህ ምክንያቱን በኋላ የተደረገ ልኬት ያስረዳል። የቤልጅጉ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት በትግራይ የድንጋይ እርከን በማሳ ላይ የሚታጠበውን አፈር በ68 በመቶ እንደሚቀንስ፣ የሰብሉን ምርትም በሄክታር ከ5.8 ኩንታል ወደ 6.5 ኩንታል እንደሚያደርስ አሳይተዋል። የ0.7 ኩንታል ልዩነት ለዕቅድ አውጪ ትንሽ ነው። ከ6 ኩንታል ለማይበልጥ ምርት ዓመቱን ለሚያሰላ ቤተሰብ ግን ትንሽ አይደለም። ጥናቱ ከዚህ ጋር በካቡ ግራና ቀኝ በጥልቁ አፈር ውስጥ እርጥበት እንደሚበዛ መዝግቧል፤ ገበሬው ግን ካቡ ሥር ያለው ማሽላ ዘግይቶ መጠውለጉን አይቶ ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ቁጥሮችና ሥዕሎች

ስለ ቁጥር ከተነሣ፣ መምህራን በክፍል ውስጥ ስለሚጠቅሷቸው አኃዞች ጥቂት መጨመር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያ ደጋ መሬቶች ማገገሚያ ጥናት ከደጋው በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር እንደሚታጠብ፣ ከእርሻ መሬት ብቻ በሄክታር 130 ቶን እንደሚሄድ ገመተ። ሁርኒ በምርምር ጣቢያዎቹ ልኬት ላይ ተመሥርተው ለእርሻ መሬት የሰጡት ግምት ግን በሄክታር 42 ቶን ነው። ሁለቱም አሳሳቢ ናቸው፤ ሆኖም አንዱ ከሌላው በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ተማሪው አንዱን ቁጥር ብቻ ሸምድዶ ከሚወጣ ይልቅ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ ይበልጥ ይማራል።

ለረጅም ጊዜ በመማሪያ መጻሕፍት ሲነገር የኖረው «ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለው አባባልም እንዲሁ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንዳሳዩት ይህ ቁጥር ከልኬት የመነጨ አይደለም፤ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ እየተቀዳ እውነት የመሰለ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ያነሣቸው ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ። ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ከ140 ዓመታት በኋላ እነዚያኑ ቦታዎች ከዚያው ማዕዘን እንደገና አነሡ። በአሮጌው ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው የትግራይ መሬት በብዙ ቦታ ያን ጊዜም የተራቆተ ነበር፤ በአዲሱ ላይ በአንጻሩ እርከንና ያገገመ ቁጥቋጦ ይታያል። ይህ ማስረጃ የመሬት መራቆት የለም አይልም። የሚለው፣ መሬት ወደ ጥፋት ብቻ የሚንሸራተት ነገር አለመሆኑንና የሰው ሥራ ሊመልሰው እንደሚችል ነው። ታሪኩን እንደ አንድ ወጥ የጥፋት ጉዞ አድርጎ የሚማር ልጅ ይህን ሊያይ አይችልም።

የባለ ይዞታነት ጉዳይ

በትግራይ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የእርከን ሥራ የቀጠለው በዋናነት በነፃ ጉልበት ነው፤ በኋለኞቹ ዓመታት እያንዳንዱ ለሥራ የደረሰ ሰው በዓመት 20 ቀን ያህል ይሰጥ ነበር። ይህም ግዴታ እንጂ ፍጹም በጎ ፈቃድ አልነበረም። ሆኖም ከቀድሞው ዘመቻ ሁለት ነገሮች ለዩት። መሬቱ ዳግመኛ እንዳይሸጋሸግ ተወሰነ፤ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ለገበሬው በዝቅተኛ ወጪ የይዞታ ማረጋገጫ ወረቀት ተሰጠ። በኋላ የተደረጉ የኢኮኖሚ ጥናቶች ወረቀቱ በተሰጠባቸው ማሳዎች ላይ የእርከን ጥገና እንደተሻሻለ መዝግበዋል። አንድ ገጽ ወረቀት ከብዙ ቶን ስንዴ የበለጠ ካብ ሊያቆም እንደሚችል ዕቅድ አውጪዎች ያመኑት ዘግይተው ነው። በ1989 ዓ.ም. መሬት በሸጋሸገው የአማራ ክልል ይኸው አሠራር የተጀመረው ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ሲሆን፣ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የባለ ይዞታውን መብትና መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ በአገር አቀፍ ደረጃ አያይዞ ደነገገ።

በክልተ አውላዕሎ የሚገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ በዚህ ረገድ በሰፊው ይጠቀሳል። መሬቱ እጅግ ከመራቆቱ የተነሣ ነዋሪውን ወደ ሌላ ቦታ ማስፈር ታስቦ ነበር። ሕዝቡ ግን ተዳፋቱን ከለለ፣ በሸለቆው ላይ ክትር ሠራ፣ ኩሬ ቆፈረ። ውሃው ከላይ መያዝ ሲጀምር ከታች የጉድጓዱ ውሃ ወደ ገጽ ቀረበ፤ ገበሬውም ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች እያወጣ አትክልትና ፍራፍሬ ማልማት ቻለ። ቀበሌው እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኘ። እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነጥብ የተራራው ሥራ የተጠበቀው ውሃው ከታች ገንዘብ ስለሆነ መሆኑ ነው። ከላይ ያለው ካብ ቢናድ ከታች ያለው ሽንኩርት ይደርቃል። ጥገናው ማስታወሻ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ግን ሊጎዳ የማይችል አይደለም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመታት በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ማገዶና ከሰል ያጣው ሕዝብ ለዓመታት ከከለለው ኮረብታ ዛፍ ቆርጧል። በኮንሶም ወጣቱ ወደ ከተማ ሲሄድ ካቡን የሚያነሣው ጉልበት ይቀንሳል፤ የካቡ ጥበብም የሚተላለፈው በመካብ ብቻ ስለሆነ ሳይካብ የቀረ አንድ ትውልድ ጥበቡን ይዞት ይሄዳል።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በመላ አገሪቱ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ያሳትፋል። የወረዳው ሪፖርት አዲስ የተሠራውን በኪሎ ሜትርና በሄክታር ሲያቀርብ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከተሠራው ምን ያህሉ ቆሞ እንዳለና ማን እንደጠገነው የሚያሳይ ዓምድ ከጎኑ ቢጨመር፣ ለዕቅድ አውጪው የተሻለ መለኪያ ይሆነዋል። ይህን ለመቁጠር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በየቀበሌው ትምህርት ቤት አለ፤ አብዛኛውም በተዳፋት አጠገብ ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ በሰኔ የመጀመሪያው ዶፍ በሚወርድበት ቀን ተማሪዎቹን በአንድ የቆመና በአንድ የተናደ እርከን አጠገብ አቁሞ፣ ከእያንዳንዱ የሚወጣውን ውሃ በጠርሙስ ቢያስቀዳቸው፣ ሌሊቱን አስቀምጠው ጠዋት በጠርሙሱ ግርጌ የዘቀጠውን አፈር በማስመሪያ ቢለኩት፣ የማሳው ባለቤት ማን እንደሆነና ካቡን መጨረሻ ያነሣው መቼ እንደሆነ ወላጆቻቸውን ጠይቀው ቢጽፉ፣ በዓመት በዓመቱ የሚጠራቀመው ደብተር የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሊያገኘው ያልቻለ መዝገብ ይሆናል።